ለሰመር መጨረሻ የቤተሰብ ጉዞ የመዝናኛ ፓርክ እንዴት ይመረጣል?

ልጄ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎደላት። ለአንድ መጫወቻ 50 ደቂቃ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን፣ ተራችን ደርሶ፣ ሠራተኛው መለኪያውን አናቷ ላይ ሲያሳርፈው ነው ያወቅነው። ሰውየው ትሁት ነበር፤ የእሷ ቁመት ግን አልሞላም። ታላቅ ወንድሟ ገባ። እሷ እጄን ይዛ፣ ከኋላችን የተሰለፈውን ሰው ሁሉ እያለፈች፣ በመጣንበት መንገድ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አይስክሬሙም፣ ውሃውም፣ ምኑም አልጣማትም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፓርኩን የመረጥኩት በማስታወቂያ ነው። ቁመቷንም ቤት ስለካ ፀጉሯ አናቷ ላይ ተጠቅልሎ ነበር፤ እኔ ከፀጉሯ ጫፍ ለካሁ። ከዚያ ወዲህ ፓርክ የምመርጥበትን መንገድ ቀይሬያለሁ። ምሳሌዎቼ የአሜሪካ ፓርኮች ናቸው፣ ምክንያቱም የማውቀው እነሱን ነው።

1. ትኬት ከማየታችሁ በፊት ልጆቹን ለኩ

ይሄ ቀላል ይመስላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ ተረከዙንና ጀርባውን ግድግዳ አስነክቶ ይቁም። ጠንካራ መጽሐፍ አናቱ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ፀጉሩን ወደ ታች ተጫኑ፤ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና በሜትር ለኩ። ማታ ብትለኩ ይሻላል፤ ሰው ማታ ከጠዋቱ ትንሽ ያጥራል። ማታ፣ ያለ ጫማ የሞላ ልጅ በሩ ላይ አይመለስም።

አሁን ወደየፓርኩ ድረ ገጽ ግቡና ለእያንዳንዱ መጫወቻ የተቀመጠውን ዝቅተኛ ቁመት እዩ። የሚጻፈው በኢንች ስለሆነ በ2.54 እያባዛችሁ ወደ ሴንቲ ሜትር ቀይሩት። ለምሳሌ ፍሎሪዳ ኦርላንዶ አጠገብ ባለው የዲስኒ ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ፣ ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን የሚባለው ሮለር ኮስተር (ሽቅብ ቁልቁል በፍጥነት የሚሮጥ የመጫወቻ ባቡር) 97 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል፤ ስፔስ ማውንቴን 112። ኦርላንዶ ባለው የዩኒቨርሳል ፓርክ፣ አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር፣ ደግሞ የሃግሪድ ሞተር ሳይክል 122፣ ቬሎሲኮስተር 130 ነው።

እንግዲህ 105 ሴንቲ ሜትር የሆነች ልጅ አለቻችሁ እንበል። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ስፔስ ማውንቴንና ትሮን የሚባለው ሮለር ኮስተር ያመልጧታል። ዳምቦ፣ ፒተር ፓን፣ ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ ግን ቁመት አይጠይቁም፤ ቀኑን ሙሉ የምትሳፈረው አታጣም። አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር ብትወስዷት ግን ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው ሁለቱ ሮለር ኮስተሮች ተዘግተውባታል። የ14 ዓመት ልጅ ካላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ ሐይቅ ዳር ያለው ሲዳር ፖይንት ለእንደዚህ ዓይነቱ ጎረምሳ ገነት ነው። ዊንተር ሄቨን ያለው ሌጎላንድ ፍሎሪዳ ደግሞ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እሱን ያሰለቸዋል።

እኔ አንድ ወረቀት ላይ የልጆቹን ስም ከላይ፣ ፓርኮቹን ከጎን እጽፋለሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የሚሳፈራቸውን ነገሮች እቆጥራለሁ። የማየው የትንሿን ቁጥር ነው። የእሷ ቁጥር ያነሰበት ፓርክ፣ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን፣ ከዝርዝሩ ይወጣል። ትልቁ ልጅ ትንሽ ቢቀርበት ይችለዋል፤ ትንሿ ግን ቀኑን ሙሉ ቆማ ስታይ ማየት እኔን ራሱ ያመኛል።

የልጆቹ የዕድሜ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ስለ መቀያየር ጠይቁ። ዲስኒም ዩኒቨርሳልም አላቸው። አንደኛው ወላጅ ከትልቁ ጋር ሲሳፈር ሌላው ከትንሹ ጋር ይጠብቃል፤ ከዚያ ሰልፉን እንደገና ሳይጀምር ተራ ይለዋወጣሉ። በነጻ ነው። ብዙ ሰው ስለማያውቀው ብቻ ሳይጠቀምበት ይመለሳል።

2. የሰመር መጨረሻ የራሱ ባሕርይ አለው

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት ኦገስት ላይ ነው። ስለዚህ ከኦገስት አጋማሽ በኋላ በኦርላንዶ ያለው ሰልፍ ይቀንሳል። ትኬቱም የሚሸጠው እንደየቀኑ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ይሄ ጥሩው ወገን ነው።

መጥፎው ወገን ሙቀቱና ዝናቡ ነው። በፍሎሪዳ በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ሲቀርብ ደግሞ ከቤት ውጪ ያሉ መጫወቻዎች ይቆማሉ። ስለዚህ ከጣሪያ በታች ብዙ ነገር ያለውን ፓርክ አስቀድሙ። ውጪ ያለውን ጠዋት ጨርሱ። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ሆቴሉንም በረራውንም ስትይዙ ገንዘቡ የሚመለስ መሆኑን አረጋግጡ። እዚህ ላይ ጥቂት ብር ለመቆጠብ ብላችሁ የማይመለሰውን አትግዙ።

በሰሜን ያሉት ፓርኮች ሌላ ችግር አላቸው። ትምህርት ሲጀመር ብዙዎቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይዘጋሉ፣ ወይም ቀድመው ይዘጋሉ። ሠራተኞቻቸው ተማሪዎች ስለሆኑ አንዳንዱ መጫወቻም ሰው አጥቶ ይቆማል። የፓርኩን ካላንደር በቀኑ ከፍታችሁ እዩ፤ "በሰመር ክፍት ነው" የሚለውን አትመኑ። ለጥገና የተዘጋ ነገር ካለም እዚያው ይጻፋል።

3. ዋጋውን ጠቅላላ አድርጋችሁ ደምሩ

የበሩ ትኬት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ፓርኪንግ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ሰልፍ ማሳጠሪያ (ተከፍሎበት በአጭሩ ሰልፍ የሚያስገባ ትኬት) ሁሉ ይጨመራል። ኢንዲያና ውስጥ ያለው ሆሊደይ ወርልድ ፓርኪንግ፣ ለስላሳ መጠጥና የፀሐይ ክሬም በነጻ ይሰጣል። ፔንሲልቬንያ ያለው ኖብልስ ደግሞ መግቢያ የለውም፤ የምትከፍሉት ለተሳፈራችሁበት ብቻ ነው። ለማይሳፈሩ አያቶች እንደ ኖብልስ ያለ ቦታ የለም። እነሱ ጥላ ስር ቁጭ ብለው የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ትኬት አይገዙም።

ዲስኒና ዩኒቨርሳል ከ3 ዓመት በታች ላሉ አያስከፍሉም። 10 ዓመት የሞላው ልጅ ግን በአዋቂ ዋጋ ነው የሚገባው። ልደቱ ኦገስት መጨረሻ ላይ ከሆነ ቀኑን አስቡበት።

ሰልፍ ማሳጠሪያውን አስቀድማችሁ አትግዙ ባይ ነኝ። ሰልፉ በቀነሰበት ወቅት አብዛኛውን ቀን አያስፈልግም። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ማሳጠሪያ አላገኘሁም። ከሰው እጅ የተረፈ ትኬት ደግሞ በፍጹም አትግዙ። ዲስኒ በር ላይ የጣት ስካን ስላለ የሌላ ሰው ትኬት አያስገባችሁም።

4. አንድ ቀን፣ አንድ ፓርክ

ትናንሽ ልጆች ይዛችሁ በአንድ ቀን ሁለት ፓርክ አትሞክሩ። ማጂክ ኪንግደምን ብቻ ብትወስዱ፣ መኪና ያቆማችሁበት ቦታ በሩ አጠገብ አይደለም። ከዚያ በሞኖሬል ወይም በጀልባ ነው የሚገባው። የደከመ ልጅ ትከሻ ላይ ተኝቶ፣ ቦርሳና ጋሪ ይዞ ያን መንገድ መመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በዕቅዳችሁ ውስጥ አስገቡት።

5. ልጆቹን መጨረሻ ላይ ጠይቁ

ሁለት ፓርክ ሲቀር ብቻ ነው የምጠይቃቸው። ሁለቱም ለሁሉም የሚሆኑ ስለሆኑ የትኛውንም ቢመርጡ አልፈራም። ገና ከመጀመሪያው ብትጠይቋቸው ጓደኛቸው የሄደበትን ይላሉ፤ ከዚያ እንቢ ማለት ይከብዳል።

ትኬቱን በፀደይ ከገዛችሁ፣ ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው እንደገና ለኩ። ልጄ በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል ላይ 111 ነበረች። ኦገስት ላይ መጽሐፉን አናቷ ላይ ሳስቀምጥ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። 113 ሆነች። ፀጉሯን ፈትተነው ነበር።