በስፔን ጦርነት ፎቶ ላይ የሪፐብሊኩን መሣሪያ መለየት

ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት (ከ1936 እስከ 1939 እ.ኤ.አ.) የተረፈ ፎቶ ሳገኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ጠመንጃው ላይ ነው። ሪፐብሊኩን፣ ማለትም ጄኔራል ፍራንኮ ያመፀበትን የስፔን መንግሥት፣ ማን እንደረዳው፣ ማን ፊቱን እንዳዞረበት ከመሣሪያው ይነበባል።

ፎቶውን አጉሉና ከቃታው ፊት ያለውን ቦታ ተመልከቱ። የእንጨቱ ሥር ለጥ ያለ ከሆነ የስፔን ማውዘር ሳይሆን አይቀርም። የማውዘር ጥይት ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ስለሚደረደር አምስቱም እንጨቱ ውስጥ ይገባሉ። ከእንጨቱ በታች ወጣ ያለ ካዝና ካለ ደግሞ የሩሲያውን ሞሲን ናጋንት ጠርጥሩ። የሱ ቀለሃ ከኋላው ከንፈር አለው፤ አምስቱ ጥይቶች አንዱ በአንዱ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ ቦታ ስለማይበቃቸውም ካዝናው ወደ ታች ይወርዳል።

ግን እዚህ ላይ አትቁሙ። የጣሊያኑ ካርካኖ ካዝናም ወጣ ያለ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችንን የወረረው የሙሶሊኒ እግረኛ የያዘው ጠመንጃ ነው። ሪፐብሊካኖቹ በማርች 1937 ጓዳላሃራ ላይ ለፍራንኮ የሚዋጉትን ጣሊያኖች ሲመቱ ብዙ መሣሪያ ማርከዋል። ስለዚህ ሳንጃውን እዩ። የሞሲን ሳንጃ ባለ አራት ጠርዝ ቀጭን ሹል ነው፤ የረጅሙ ካርካኖ ግን እንደ ቢላዋ ስለት አለው።

ማውዘር ብቻውን ወገን አይለይም። በጁላይ 1936 ሠራዊቱ ለሁለት ሲሰነጠቅ የየሰፈሩ ግምጃ ቤት እዚያው ላለው ወገን ቀረ። ልብሱን ጨምሩበት፦ ሰማያዊ የሥራ ቱታና የገመድ ሶል ያለው የሸራ ጫማ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፋብሪካ ወጥቶ የዘመተ ሚሊሻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ማውዘሩ ከሜክሲኮ የመጣም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝና ፈረንሳይ “ጣልቃ አንገባም” ብለው በር ሲዘጉ፣ ሂትለርና ሙሶሊኒ ፈርመው ሲያበቁ ለፍራንኮ ያጎርፉ ነበር። የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ካርዴናስ ግን 20,000 ጠመንጃ በግልጽ ላኩ። የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ብላ ከኢትዮጵያ ጎን የቆመችው፣ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የሰየምንላት ያቺው ሜክሲኮ ናት። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞላል።

መትረየስን መለየት ቀለል ይላል። በላዩ ላይ እንደ ሰሃን ክብ ካዝና ከተጋደመ የሶቪየቱ ደግትያርዮቭ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ጎማና የብረት ጋሻ ካለው ደግሞ ማክሲም።

ታንክ ላይ ተጠንቀቁ። 45 ሚሊሜትር መድፍ ያለው ቲ-26 ከሶቪየት ለሪፐብሊኩ ቢመጣም፣ የፍራንኮ ሰዎች እየማረኩ ራሳቸው ይነዱት ነበር። በአውሮፕላን ግን ቀለሙ ያግዛል። የሪፐብሊኩ አውሮፕላን ክንፉና አካሉ ላይ ቀይ መቀነት፣ ጭራው ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሐምራዊ አለው። የፍራንኮው ጭራ ነጭ ሆኖ ጥቁር ኤክስ ምልክት ይታይበታል።

በመጨረሻ ቀኑን አመሳክሩ። የሶቪየት መሣሪያ ስፔን መድረስ የጀመረው በኦክቶበር 1936 ነው። ከፎቶው ሥር “ኦገስት 1936” ተብሎ ተጽፎ ወታደሩ ደግትያርዮቭ ከያዘ፣ ጽሑፉን አትመኑ።