በአርቪ ወደ ኦይስተር ፌስቲቫል፦ ንጋት ላይ አሳ፣ ከሰዓት ድግስ

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ይህ ጉዞ ደጃችሁ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ከነዳችሁ የፖቶማክ ወንዝ ቼሳፒክ ቤይ ውስጥ የሚገባበት ጫፍ ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ ጠዋት አሳ ታጠምዳላችሁ። ከሰዓት ደግሞ አቅራቢያው ባለች ከተማ የምግብ ፌስቲቫል አለ። ማታ ሆቴል ፍለጋ የለም፤ አልጋውም ምድጃውም አርቪ የሚባለው መኪና ውስጥ ነው።

ቀኑን ፌስቲቫሉ ይወስነው

የሴንት ሜሪስ ካውንቲ ኦይስተር ፌስቲቫል ሌናርድታውን ውስጥ ከ1967 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ብዙውን ጊዜ የኦክቶበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሁድ ላይ ይውላል። ኦይስተር ድንጋይ በሚመስል ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከተፈጥሮ ቦታው የሚሰበሰብበት ወቅት ኦክቶበር 1 ስለሚከፈት፣ ፌስቲቫሉ ትኩሱ ገበያ ሲገባ ይገጥማል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የኦይስተር መክፈት ውድድርም እዚሁ ነው፤ እንዳያመልጣችሁ። ተወዳዳሪው አጭር ቢላዋውን ቅርፊቱ መጋጠሚያ ላይ ይሰካል። እጁን ጠምዘዝ ያደርጋል፣ ሥጋውን የያዘውን ጡንቻ ከሥር ይቆርጣል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዓይን እስኪጨፈን አንዱ አልቋል! ግን ፍጥነት ብቻ አይበቃም። ሥጋው ከተቆረጠ ወይም የቅርፊት ስባሪ ከገባበት ሰከንድ ይጨመርበታል። አሸናፊው አየርላንድ፣ ጎልዌይ ሄዶ ከዓለም ጋር ይወዳደራል።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ለማይበላ ቤተሰብ ኦይስተርም፣ ክራብ የሚባለው ሸርጣንም አይሆንም። የአካባቢው ሰው የሚኮራበት ጎመን የተጠቀጠቀበት ሀምም የአሳማ ነው። ስለዚህ ሆዳችሁን ለፌስቲቫሉ ብቻ አትተዉ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ጽጌ ነው። የሚጾም ሰው አብሯችሁ ካለ ሽሮውን ከቤት ያዙ። የኔ እምነት፣ ኦይስተርና ሀም ለማይበላ ሰው ጉዞውን የሚያቃናው አሳ ማጥመዱ ነው። ለውድድሩና ለሙዚቃው ሁሉም ይመጣል፤ የማይጾመው ሰው እራት ግን ከራሳችሁ መንጠቆ ነው።

ከመኪናው በፊት ማደሪያውን ያዙ

ብዙ ሰው መጀመሪያ መኪናውን ይከራይና ማደሪያ ያጣል። እናንተ ግን ፖይንት ሉክአውት ስቴት ፓርክ ውስጥ ቦታ ከወራት በፊት አስይዙ። ፓርኩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የምርኮኞች ካምፕ የነበረበት ቦታ ነው። ስታስይዙ መብራት፣ ውሃና የፍሳሽ መስመር ያለውን ምረጡ፤ የመኪናውን ርዝመትም በትክክል አስገቡ።

ለአራትና አምስት ሰው 25 ጫማ ገደማ የሆነው፣ ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው አርቪ ይበቃል። በመደበኛው መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ስትረከቡ ቁመቱን ጠይቁና ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉት። ዲሲ ዙሪያ ያሉ ፓርክዌዮች ላይ ዝቅ ያሉ ድልድዮች አሉ፤ ተራው ጂፒኤስ ደግሞ ቁመታችሁን አያውቅም።

ከሜሪላንድ በኩል መንገድ ቁጥር 5ን ያዙ። ሌናርድታውንን አልፎ የሚያልቀው ፓርኩ ጋ ነው። ከቨርጂኒያ በደቡብ በኩል የምትመጡ 301ን ይዛችሁ በ2022 በተከፈተው ሰፊው የናይስ ድልድይ ተሻገሩ። ከፊላደልፊያ ወይም ከኒውዮርክ የምትመጡ ግን ተጠንቀቁ። አርቪ የተሞላ የፕሮፔን ጋዝ ስለሚይዝ የባልቲሞር ዋሻዎች ውስጥ አይገባም። በዋሻዎቹ ፋንታ ይሻገሩበት የነበረው የኪ ድልድይ ደግሞ በማርች 2024 ፈርሷል። ባልቲሞርን በሚዞረው መንገድ ቁጥር 695 በምዕራብ በኩል ዞራችሁ ኑ።

ፈቃድና ዕቃ

ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ይገዛል። ሮክፊሽ የሚሉት የሜሪላንድ ምልክት የሆነው አሳ ጥብቅ ገደብ አለው። በ2024 ቤይው ውስጥ በቀን አንድ ብቻ፣ እሱም ከ19 እስከ 24 ኢንች የሆነ ነበር የሚፈቀደው። ሕጉ ስለሚቀያየር በሄዳችሁበት ሳምንት አረጋግጡ።

ለጀማሪ ግን ሮክፊሹን ተዉትና ስፖት የሚባለውን ትንሹን አሳ ፈልጉ። ከጉሮሮው ክዳን ኋላ ጥቁር ነጥብ አለችው። ቅርፊቱም ክንፉም ያለ ነው። አፉ ጠባብ ስለሆነ ትንንሽ መንጠቆ ግዙ። አንድ ክር ላይ ሁለት መንጠቆ፣ ከታች ክሩን የሚያሰምጥ የእርሳስ ብረት። ማባበያው ብለድወርም የሚባለው ቀይ ትል ነው። ትሉ ሲያዝ አፉን ገልብጦ በአራት ጥርስ ስለሚቆነጥጥ፣ ለልጆች አትስጡ፤ እናንተ ቆርጣችሁ ስጧቸው። የጥፍር ያህል ቁራጭ ይበቃል። ትልቅ ካደረጋችሁት አሳው ዳር ዳሩን ለቅሞ ይሄዳል።

ቅዳሜ

ማንቂያችሁን በሰዓት ሳይሆን በውሃው ሙሉት። አሳ የሚበላው ውሃው ሲሞላ ወይም ሲጎድል፣ ማለትም ሲንቀሳቀስ ነው። በሁለቱ መሀል ቀጥ ሲል መንጠቆውም ዝም ይላል። ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን የዕለቱን ሰንጠረዥ ስልካችሁ ላይ እዩ። ወርውሩ፣ እርሳሱ አሸዋው ላይ እስኪያርፍ ጠብቁ፣ ክሩን ወጠር አድርጋችሁ በጣታችሁ ያዙት። ስፖት ሲነካ ቶሎ ቶሎ የሚንኳኳ በር ይመስላል። ያኔ በኃይል አትሳቡ፤ የማጥመጃ ዘንጉን ቀና ብቻ አድርጉት።

የያዛችሁትን ወዲያው በረዶ ውስጥ ክተቱት። ጠዋት የተያዘ አሳ ባልዲ ውስጥ ፀሐይ ላይ ውሎ እራት አይሆንም።

ከሰዓት ወደ ሌናርድታውን አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። አርቪውን ለዚያ ብላችሁ አትንቀሉት። ሽቦና ቱቦ መንቀል፣ ዕቃ ማሰር፣ ተመልሶ መትከል ሰዓት ይበላል። አንድ ዘመድ በተራ መኪና ይከተላችሁ፤ ፌስቲቫሉ በዚያ ይሂድ።

ማታ

አሳው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ይታጠብ። ጎንና ጎኑን በቢላዋ ሦስት ቦታ ሸንትሩት። ጨው፣ ሎሚ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ። ዱቄት ላይ አገላብጡና በጋለ ዘይት ጥበሱ፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ከምትበሉት ቆሮሶ ብዙ አይርቅም። ጥብሱን ግን ውጭ፣ በትንሽ ጋዝ ምድጃ አድርጉት። እኛ አንድ ጊዜ ዝናብ ሲመጣ ውስጥ ጠበስን። ሽታው መጋረጃውና ፍራሹ ላይ ሦስት ቀን ቆየ። አሁን ድንኳን መሰል ጥላ ሳልይዝ አልወጣም።

እሁድ ከመነሳታችሁ በፊት የፍሳሽ ታንኩን አራግፉ። ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያውንና የሻወሩን ክፈቱ፤ ሁለተኛው ቱቦውን አጥቦት ይሄዳል። ከዚያ አንድ ሰው መኪናውን ይዙር፦ ደረጃው ገብቷል? የመብራቱ ገመድ ተነቅሏል? የጋዙ ቫልቭ ተዘግቷል? የማጥመጃ ዘንጎቹስ ጣሪያው ላይ አልቀሩም?