ፊልተሩ ከፕሪአምፕሊፋየሩ ይቅደም

እንደ ደሴው ጦሳ ተራራ ያለ ከፍታ ላይ የተተከለ ሪፒተር (የሬዲዮ ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) ሩቅ ይሰማል። የጎረቤት ማሰራጫዎችንም ግን አብሮ ይሰማል። እዚህ የምጽፈው ለቪኤችኤፍ (ከ30 እስከ 300 ሜጋኸርዝ ላለው የሬዲዮ ክልል) ነው። ፍሪኩዌንሲው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው ይሁን።

መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ። ድምፁ የሚቆራረጠው የራሳችሁ ማስተላለፊያ ሲበራ ብቻ ነው? እንግዲያው ደካማ ሲግናል እያስገባችሁ፣ በአንቴናው ቦታ አቅሙ የሚችል የ50 ኦም ደሚ ሎድ (ኃይሉን ሳያሰራጭ የሚውጥ የአንቴና ምትክ) ስኩ። ችግሩ ከጠፋ ሰበቡ አንቴናው ወይም ከውጭ የዛገ ብረት ነው። ካልጠፋ ዱፕሌክሰሩን (ማስተላለፊያውና ተቀባዩ አንድ አንቴና እንዲጋሩ የሚለያያቸውን ክፍል) እና ኬብሉን ፈትሹ። ማስተላለፊያው ጠፍቶም የሚረብሽ ከሆነ ግን ከውጭ፣ ብዙውን ጊዜ ከጎረቤት፣ የመጣ ነው።

እኔ ይህን ሳልለይ 20 ዲሲቤል (በኃይል መቶ እጥፍ) የሚያጎላ ፕሪአምፕሊፋየር፣ ማለትም ደካማ ሲግናል ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ የሚያጎላ መሣሪያ፣ ገዝቼ በቀጥታ ዱፕሌክሰሩ ላይ ሰካሁ። ሱቅ ውስጥ ግሩም ነበር። ከደሴ በላይ ስንተክለው ሰኞ ደረሰ፣ የባቲ ገበያ ቀን። ሹፌሮቻችን ሲጠሩ ግማሹ ቃል በሹሹታ ተዋጠ። ሳይገዛ በፊት ይሻል ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ርካሽ ዱፕሌክሰር የሚያግደው የራሳችሁን ማስተላለፊያ ብቻ ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለው ኤፍኤም ሰተት ብሎ ያልፋል። ፕሪአምፕሊፋየሩም እሱን ሁሉ አጉልቶ ይጨናነቃል፤ ሲጨናነቅ ደግሞ ሲግናሎችን ያደባልቃል። አጠገባችሁ በ155 እና በ160 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፉ ቢኖሩ፣ 155 ሲባዛ በ2 ሲቀነስ 160፣ ማንም በሌለበት 150 ላይ ድምፅ ይፈጠራል። ይህ ድብልቅ አንዴ ከተፈጠረ ከኋላ የሚመጣ ፊልተር አያወጣውም። ስለዚህ ተራው ይህ ነው፦ ዱፕሌክሰር፣ ካቪቲ ፊልተር (የፈለጋችሁትን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያሳልፍ የብረት ጣሳ)፣ ፕሪአምፕሊፋየር፣ ተቀባይ።

ፊልተሩ 1 ዲሲቤል ቢበላ ያ 1 ዲሲቤል ከተቀባዩ ጆሮ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ትንሽ የሚበላ ምረጡ። በርሜል የሚያህለው ካቪቲ ቦታ ቢይዝም ከትንንሾቹ ይሻላል።

ካቪቲውን ስታስተካክሉ ናኖ ቪኤንኤ (ፊልተሩ የቱን ፍሪኩዌንሲ እንደሚያሳልፍ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ይበቃል። ገንዘብ ካጠረ ከፕሪአምፕሊፋየሩ በፊት እሱን ግዙ። የካቪቲውን ማስተካከያ ዘንግ ቀስ እያላችሁ አዙሩና ዳዶውን አጥብቁ፣ ከዚያ እንደገና ለኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል። በኮምቦልቻ ሙቀት የተስተካከለም ተራራው ብርድ ላይ ፈቀቅ ይላል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ልኬት እዚያው፣ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሰዱ።

ከፕሪአምፕሊፋየሩ በኋላ ከ6 እስከ 10 ዲሲቤል የሚቀንስ አቴንዌተር አስገቡ። 20 ዲሲቤል ሙሉ ለተቀባዩ ይበዛበታል። ኬብሉ ድርብ ሽፋን ይኑረው፣ ውጭ ያሉትን ኮኔክተሮች ለጉሙ ጠቅልሉ።

ከዚያ ደካማ ሲግናል እያስገባችሁ ማስተላለፊያውን አብሩና አጥፉ። በሁለቱም ጊዜ እኩል ከተሰማ ወደ ሥራ መልሱት፤ የሰኞንም ጫጫታ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።