የእንስሳት ሙከራ ዜና ስናነብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች፦ ፀረ እንግዳ አካልና የተተከለ ኩላሊት

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋበት መድኃኒት በየቀኑ ይውጣል። ዋናዎቹ መድኃኒቶች ደግሞ ውለው አድረው ያንኑ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ «በእንስሳት ላይ የተሳካ ፀረ እንግዳ አካል» (አንድን ዒላማ መርጦ የሚይዝ፣ እንደ መድኃኒት የሚሰጥ ፕሮቲን) የሚል ዜና ሲወጣ ብዙ ሰው ልቡ ይንጠለጠላል። ተስፋው እውነተኛ ነው። አነባበባችን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ትልቁ ስህተት «አይጥ ላይ ጉዳት ካልታየ ሰውም አይጎዳም» ማለት ነው። ሲዲ40 ሊጋንድ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቲ ሴሎች ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች የሚቀሰቅሱት በእሱ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በረሰስ ጦጣዎች ላይ ተሞከረ። የተተከለላቸው ኩላሊት ለወራት ሠራ። ሰው ላይ ሲጀመር ግን ደም መርጋት መጣና ሙከራው በ1999 ተቋረጠ። ለካ ፕሮቲኑ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ጥቃቅን የደም ሴል) ላይም አለ! ፀረ እንግዳ አካሉ በአንድ ጫፉ ፕሮቲኑን ይይዛል፣ በጭራው ደግሞ ፕሌትሌቱ ላይ ያለ ሌላ ተቀባይ ይነካል። ያኔ ፕሌትሌቶቹ ይጣበቃሉ። የአይጥ ፕሌትሌት ይህ ተቀባይ የለውም። ስለዚህ አይጥ ላይ ብቻ ብናይ አደጋው አይታየንም ነበር።

ከዚያ ተነስቶ ሐሳቡን ራሱን መጣልም ስህተት ነው። ጥፋቱ የነበረው ጭራው ላይ ነው፤ ተመራማሪዎችም ጭራውን ቀየሩት። ቴጎፕሩባርት የተባለው መድኃኒት የተሠራው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ቦስተን ውስጥ ዘረመሉ የተስተካከለ የአሳማ ኩላሊት በሕይወት ላለ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተከል ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ እሱ ነበር።

«ጦጣ ከተረፈች በቃ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ላይ ቲጂኤን1412 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ለስድስት ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ተሰጠ። መድኃኒቱ ለንቅለ ተከላ የታሰበ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። መጠኑ ጦጣዎቹን ምንም ካላደረጋቸው በ500 እጥፍ ያነሰ ነበር። ስድስቱም በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ታመሙ።

የአይጧን ኑሮም አትርሱ። የላብራቶሪ አይጥ የምታድገው በንጹሕ ቤት ነው፤ ብዙ በሽታ አታውቅም። የእኛ ሰውነት ግን በልጅነት ካሳለፈው ሕመም ሁሉ የቀሩ የማስታወሻ ሴሎች አሉት፤ እነዚህን መግታት ከባድ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ የአይጥ ዝርያዎች የሌላ የአይጥ ዝርያ ኩላሊት ያለ ምንም መድኃኒት ይቀበላሉ። መድኃኒት ያላገኙት አይጦች ምን ሆኑ? ይህ ካልተጻፈ ውጤቱን ለማመን አትቸኩሉ።

መጨረሻ ላይ ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ። «ክሬቲኒኑ ጥሩ ነው» ሲባል የእንስሳው የራሱ ኩላሊቶች ወጥተዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ እንኳ ከቀረ ደሙን የሚያጣራው እሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ወጥተው ቁጥሩ ቢያምር እንኳ ቀስ ብሎ የጀመረ ጉዳት ሊደበቅ ይችላል፤ እሱን የሚያሳየው ከኩላሊቱ የተወሰደ ናሙና ነው።