ትልቅ ጥይት ቤት ውስጥ መልሶ መሙላት፦ ወጪውና አሠራሩ

ለረጅም ርቀት ተኩስ የምጠቀመው .338 ላፑዋ ማግነም የሚባለውን ትልቅ የጠመንጃ ጥይት ነው። እዚህ ኮሎራዶ 20 ፍሬ ጥሩ ጥይት የያዘ አንድ ፓኬት ወደ 120 ዶላር ያስወጣኛል። አንድ ጊዜ ቃታ ስስብ 6 ዶላር ሄደ ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 40 ጥይት ተኩሼ ከተመለስኩ 240 ዶላር ወጥቷል። ተኩሼ የቀረውን ባዶ ቀለሃዬን እየለቀምኩ መልሼ መሙላት የጀመርኩት ለዚህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለራስ መሙላት በፌዴራል ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም። ሞልቶ ለመሸጥ ግን ዓይነት 06 የሚባለው ፈቃድ ግድ ነው። ግዛቶችና ከተሞችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ሌላ አገር ያላችሁ መጀመሪያ ሕጉን አጣሩ።

ሂሳቡን አስቀድሙ

እኔ በከፈልኩት ዋጋ ላስላው። አረሩ፣ ማለትም ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚበረው ክፍል፣ ወደ 1 ዶላር ነው። ፕራይመሩ፣ ማለትም ከቀለሃው ታች የሚገባው ባሩዱን የሚያቀጣጥል ትንሽ ቁራጭ፣ 10 ሳንቲም። ባሩድ በፓውንድ 50 ዶላር ገዛሁ። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ ይህ ጥይት ደግሞ 90 ግሬን አካባቢ ይበላል። ስለዚህ ከአንድ ቆርቆሮ 77 ጥይት ብቻ ይወጣል፤ በጥይት 65 ሳንቲም ገደማ። አዲስ ቀለሃ 3 ዶላር ነው፤ 6 ጊዜ ካገለገለ 50 ሳንቲም ይደርሳል። ድምሩ 2 ዶላር ከ25 ነው።

ከ6 ዶላሩ ጋር ስታስተያዩት ትርፉ ግልጽ ነው። ግን ለፕሬስ (ባለ እጀታ መጫኛ)፣ ለዳይ (የቀለሃ ቅርጽ ማውጫ)፣ ለሚዛንና ለካሊፐር (የርዝመት መለኪያ) 900 ዶላር ወጥቶብኛል። ይህን ለመመለስ 240 ጥይት መሙላት ነበረብኝ። በዓመት 20 ጥይት ብቻ የምትተኩሱ ከሆነ 12 ዓመት ይፈጃል፤ ባትገቡበት ይሻላል። ባሩድና ፕራይመር በፖስታ ስታዝዙ የአደገኛ ዕቃ ክፍያ እንደሚጨመርም አትርሱ። ከጓደኛ ጋር ተባብሮ አንድ ላይ ማዘዝ ያዋጣል።

ሂሳቡን ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ገንዘቡ ያለው ቀለሃው ላይ ነው። ቀለሃ በሁለተኛው ሙሌት ከተበላሸ ቁጠባው አብሮ ይሄዳል።

1. ማጠብና መመርመር

እጠቡ፣ አድርቁ፣ አንድ በአንድ እዩ። የተሰነጠቀ አንገት ያለውን ጣሉ።

2. ቀለሃውን ወደ ልኩ መመለስ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ጥይት ሲተኮስ ቀለሃው ያብጥና የጠመንጃውን ጉሮሮ፣ ማለትም ጥይቱ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ቅርጽ ይይዛል። ዳይ የሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ጨምቆ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። የዚህ ጥይት ቀለሃ ወፍራምና ሰፊ ስለሆነ ፍትጊያው ከባድ ነው። ቅባት ከሌለው ብረት ብረትን ይነክሳል።

አንድ ምሽት ተጣድፌ የሚረጭ ቅባት ነፋሁበት። ውስጡ ያለው አልኮል እስኪተን አልጠበቅኩም። 10 ቀለሃ አለፈ። 11ኛው ላይ እጀታው ከበደኝ። ቆም ማለት ሲገባኝ ክብደቴን ጣልኩበት። ገባ። መልሼ ላወጣው ስጎትት የታችኛው ጠርዙ ተቀዶ ወጣ፤ ቀለሃው ግን ዳዩ ውስጥ ቀረ።

ዳዩን ሞርሳ ላይ አሰርኩት። የቀለሃውን ታች በፑንታ በሳሁና ጥርስ አወጣሁለት። ከዚያ ቡሎን አስገብቼ፣ በቱቦ ቁራጭ አስደግፌ በቁልፍ ማዞር ጀመርኩ። ሩብ ዙር፣ ሌላ ሩብ ዙር። በመጨረሻ ሲጢጥ ብሎ ወጣ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። የዳዩ ውስጥ ተጭሮ ስለነበር ከዚያ በኋላ ያለፈበት ቀለሃ ሁሉ መስመር ያወጣ ጀመር። አዲስ ዳይ ገዛሁ።

አሁን በጣት የሚቀባ ሰም መሰል ቅባት ነው የምጠቀመው። ጣቴን አስነክቼ በስሱ አካሉን አዳርሳለሁ፤ ወደ ታች ትንሽ ጠንከር አደርገዋለሁ። አንገቱን ከውስጥ በትንሹ። ትከሻው ላይ፣ ማለትም አካሉ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ ላይ፣ ምንም አላደርግም፤ እዚያ ቅባት ሲበዛ ቀለሃው ይሰረጉዳል። እጀታው መሀል መንገድ ላይ ከከበዳችሁ ቁሙ። ወደኋላ አውጡና እንደገና ቀቡ። በጉልበት አትግፉ።

ሌላው ነገር ትከሻው ምን ያህል ወደኋላ ይገፋ የሚለው ነው። እኔ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የምገፋው፤ ካሊፐር ላይ በሚታሰር መለኪያ አየዋለሁ። ከዚያ በላይ ከተገፋ በተተኮሰ ቁጥር ቀለሃው ከታች በኩል ይለጠጣል፣ ይሳሳል። ከታች ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካያችሁ ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ግድግዳውን ዳስሱ። ሽቦዋ ቦይ ላይ ያዝ ካለች ያ ቀለሃ አብቅቷል። ቢተኮስ ለሁለት ሊከፈል፣ ጋዙም ወደ ፊታችሁ ሊመጣ ይችላል።

ሲያልቅ ቅባቱን ጥረጉ። ርዝመቱ ከ69.20 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቁረጡና አፉን አለስልሱ።

3. ፕራይመር

ለማግነም የተሠራውን ትልቁን የጠመንጃ ፕራይመር ግዙ። መነጽር አድርጉ። በእጅ የሚጨመቀውን መሣሪያ እመርጣለሁ፤ ሲገባ ጣት ላይ ይሰማል። ያለምንም ግፊት ዘው ካለ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ቀለሃውን ጣሉት።

4. ባሩድ

መጠኑን ከባሩድ አምራቹ ሠንጠረዥ ውሰዱ። ከሰው አፍ አትውሰዱ፣ ከእኔም ጭምር። ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ውጡ። ከዝቅተኛው በታች መውረድም አደጋ አለው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ይኑር፤ የሽጉጥ ባሩድ ተሳስቶ እዚህ ከገባ ጠመንጃውን ያፈነዳል።

ርካሽ ዲጂታል ሚዛን አላምንም። ሲሞቅ ቁጥሩ ይንሸራተታል። የድሮው ባለ ክንድ ሚዛን ዝግ ይላል እንጂ አይዋሽም። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ቀለሃዎቹን ሁሉ ባትሪ አብርታችሁ ከላይ እዩ፤ የባሩዱ ከፍታ እኩል መሆን አለበት።

5. አረሩን መትከል

ደንቡ የሚፈቅደው ጠቅላላ ርዝመት 93.50 ሚሊ ሜትር ነው። የጠመንጃችሁ ካርታ (የጥይት መያዣው) የሚቀበለው ከዚህ ካነሰ በእሱ ሂዱ።

6. መሞከር

ከየመጠኑ ሦስት ሦስት ብቻ ሙሉ። ከተኮሳችሁ በኋላ የጠመንጃው መዝጊያ አልነሳ ካለ፣ ፕራይመሩ ከተደፈጠጠ ወይም የቀለሃው ታች ላይ የሚያበራ ምልክት ከታየ ግፊቱ በዝቷል። የቀሩትን አትተኩሱ። ቤት ወስዳችሁ አፍርሷቸው።

ካርቶኑ ላይ የባሩዱን ስም፣ መጠኑን፣ ቀኑንና ቀለሃው ስንተኛ ሙሌቱ እንደሆነ ጻፉ። ባሩዱን ከዋናው ቆርቆሮው አታውጡት፤ ከልጆችና ከሙቀት አርቃችሁ ቆልፉበት። ሰው ሞልቶ በላስቲክ የሰጣችሁን ጥይት ደግሞ፣ ወዳጅም ቢሆን፣ አትተኩሱ።