ሽማግሌዎች ያዩትን የጦር አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር እንዴት እንመዝግብ?

አዘዞ ውስጥ ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ አንዲት እናት በጣሊያን ጊዜ በልጅነታቸው ያዩትን አውሮፕላን ሲያጫውቱኝ «እላያችን እየዞረ ቆመብን» አሉኝ፤ እኔም ደብተሬ ላይ «ሄሊኮፕተር» ብዬ ጻፍሁ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. በተካሄደው የጎንደር ጦርነት ሄሊኮፕተር አልነበረምና። ስለዚህ የምትመዘግቡ ሁሉ በመጀመሪያ የተናጋሪውን ቃል እንደ ወረደ ጻፉ፤ የእናንተን ግምት ግን በሌላ ገጽ ለብቻው አስቀምጡት።

የአውሮፕላኑን ስም አትጠይቁ። በእኛ አነጋገር ጄት ሁሉ «ሚግ»፣ ጭነት የሚያመላልስ ሁሉ «አንቶኖቭ» ስለሚባል ስሙ ብዙ አይረዳችሁም፤ የሚረዳችሁ ዓይን ያየውና ጆሮ የሰማው ነው። ክንፉ ነጠላ ነበር ወይስ አንዱ ከሌላው በላይ የተደረበ? ሄሊኮፕተር ከሆነ፣ ያረፈው በጎማ ነው ወይስ በሁለት ረጃጅም ብረቶች? አሜሪካን ሠራሹ ዩ ኤች-1 በብረት ዘንግ የሚያርፍ፣ ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎቹ ሁለት ብቻ የሆኑና ድምፁ ከሩቅ ዱብ ዱብ የሚል ነው። የሶቪየቱ ሚ-8 ግን አምስት ክንፍና ጎማ አለው፤ የኋላው ሆዱም እንደ ባለ ሁለት ተካፋች በር ይከፈታል። ሚ-24 ጎማውን አጥፎ የሚበርና በጎንና በጎኑ አጫጭር ክንፎች ያሉት ነው። ሽማግሌው ድምፁን በአፋቸው እንዲያሰሙአችሁ ለምኑ፤ ብዙዎቹ ሳይሳሳቱ ያሰሙአችኋል።

ቀኑን በበዓል ጠይቁ። እኒያ እናት ቀኑን ባያስታውሱም «አቡነ አረጋዊ ሰሞን ነው» አሉኝ፤ ይህም ጥቅምት 14 ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1941 ዓ.ም. ያ ቀን ኦክቶበር 24 ላይ ይውላል፤ በዚያው ዕለት ጎንደር አጠገብ ባለው አምባዞ አካባቢ፣ ከእንግሊዝ ጋር የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ጦር ግላዲያተር የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን በምሥራቅ አፍሪካ ከቀሩት የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች አንዱን፣ ባለ ድርብ ክንፉን ፊያት ሲ አር 42 መትቶ ጥሏል። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ከዚያ በኋላ ኅዳር 18 ነው። እሳቸው ያዩት ይኸው አውሮፕላን ነው ብዬ አልደመድምም፤ ነገር ግን የበዓሉ ስም ባይነሳ ኖሮ የት እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም ነበር። ሰዓትም ሲነገራችሁ በእኛ ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ለዩ።

ተናጋሪው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሎ ወይም ሰሜን ሸዋ የነበሩ ከሆኑ በተለይ ጊዜ ስጧቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቅ የሄሊኮፕተር ግዳጅ ያኔ ተፈጽሟል፤ ከፖላንድ በመርከብ ወደ አሰብ የመጡ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች መንገድ በማይደርስባቸው ደጋዎች ላይ እያረፉ፣ ሜዳውን ድንጋይ እያስለቀሙና ቦታውን እያመለከቱ፣ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖች በጣም ዝቅ ብለው እህል የተሞሉ ጆንያዎችን ያለ ፓራሹት እንዲጥሉ ያደርጉ ነበር። በዓለም ፊት ባላንጣ የነበሩ ሁለት የጦር ጎራዎች በአንድ የእህል ሜዳ ላይ ተባብረው ሠርተዋል፤ ይህ ሳይጻፍ እንዲቀር አልፈልግም። «ድንጋዩን የለቀመው ማን ነበር? የሚወድቀው እህል በስንት ጆንያ ተደራርቦ ነበር የታሸገው? ሄሊኮፕተሩ የመጣው ጠዋት ነው ወይስ ፀሐይ ከበረታ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ዋዛ አይደለም፤ በደጋ ቀጭን አየር፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ፣ ሄሊኮፕተር ማንሳት የሚችለው ጭነት ይቀንሳል።

ስብርባሪ ቢያሳዩአችሁ ማግኔት አስጠጉበት፤ የማይስበው ከሆነ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። በእርሻ ውስጥ የተገኘ ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ግን ከቶ አትንኩ፤ ለፖሊስ አሳውቁ። ጥያቄያችሁም ካለፈው ዘመን እንዳይወጣ፣ የአሁን የጦር ቦታም ፎቶ እንዳታነሡ ተጠንቀቁ።

በመጨረሻ የጻፋችሁትን ለተናጋሪው መልሳችሁ አንብቡላቸው። እኒያ እናት የእኔን ሲሰሙ ነጠላቸውን በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው አነሡና «ክንፉ እኮ እንዲህ ያለ ጨርቅ ነበር የለበሰው» አሉኝ። የጦር አውሮፕላን ጨርቅ ይለብሳል ብዬ ስላልገመትሁ ሳልጠይቃቸው ቀርቼ ነበር፤ ኋላ ሳጣራ ግን የሲ አር 42 ክንፍ በእርግጥም ጨርቅ የለበሰ ሆኖ አገኘሁት።