የካውንስሉ የምግብ እርዳታ በሁለተኛው ሙከራ እንዴት እንደተሳካልኝ

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የሥራ ሰዓቴ በግማሽ ሲቀነስ ለካውንስሉ (የአካባቢው መስተዳድር) የምግብ እርዳታ አመለከትኩ። ገንዘቡ የሚመጣው መንግሥት የተቸገሩ ቤተሰቦችን ለመርዳት በ2021 ከጀመረው ሃውስሆልድ ሰፖርት ፈንድ ነበር። መስፈርቱን ግን እያንዳንዱ ካውንስል ራሱ ያወጣ ነበር።

መጀመሪያ «መስፈርቱን አያሟሉም» ተባልኩ። በጣም ከፋኝ። ደውዬ ስጠይቅ ምክንያቱ ገባኝ። የላክሁት የባንክ ስቴትመንት ላይ ገንዘብ ይታያል። ያ ገንዘብ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ለቤት ኪራይ የሚወጣ ነው። ይህን የትም አልጻፍኩም ነበር።

እንደገና ሞላሁ። የኪራይ ውሌን፣ የካውንስል ታክስ ቢሉን፣ የቀነሰውን ደመወዝ የሚያሳየውን ፔይስሊፕ አያያዝኩ። «ተቸግሬአለሁ» ብቻ ከማለት በወር ስንት እንደሚገባ፣ ስንት እንደሚወጣ፣ ለምግብ ስንት እንደሚተርፍ በቁጥር አስቀመጥኩ። ነገሩን የለወጠው ይሄ ይመስለኛል። ከቀናት በኋላ የሱፐርማርኬት ቫውቸር (የመግዣ ኩፖን) በኢሜይል መጣልኝ።

እስከዚያው ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው ነጻ ምክር የሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ምግብ በነጻ ወደሚሰጥ ምግብ ባንክ ላከኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሥራ ያለው የካውንስሉን እርዳታ አያገኝም ሲሏችሁ አትመኑ፤ ቤኒፊት (የመንግሥት ድጎማ) የማይቀበል ሰውም ሊያገኝ ይችላል። ቪዛችሁ የመንግሥት ድጎማ መጠቀም የሚከለክል ከሆነ ግን ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን አማካሪ ጠይቁ።